ከቅጥሩ ውጭ የቆመው ልጃችን

ይድረስ በሚካኤል ቅጥር፣ በምሥራቁ ጥግ ከጥዱ ሥር ላረፍከው ለቄስ አበጀ፣ ለልጆቼ አባት።

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ብል እጄ እንቢ አለኝ። ያንተን አሰነባበት እግዜር ያውቃል፤ የኛን ልንገርህ። የተለየኸን ገብስ ሲታጨድ ነበር፣ ነዶው ገና ሳይከመር። ካንተ ወዲህ ሁለተኛው ገብስ ሊደርስ ነው፣ ከበረዶው የተረፈው ማለቴ ነው።

በሰው ፊት አንቱ፣ በጓዳ አንተ ነበር የምልህ። ዛሬ የምጽፍልህ በጓዳው አፌ ነውና ቅር አይበልህ። ምን ያስጽፍሻል ካልከኝ፣ ፊት ለፊት ስንነጋገር ሁሌ የምትረታው አንተ ነበርክ። እኔ አንድ ቃል ሳወጣ አንተ ከመጽሐፍ ሦስት ትመዝብኝ ነበር። በጽሑፍ ግን አታቋርጠኝም። እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማርኳት ፊደል ለዚህ ቀን ትሁነኝ። ሌላ እናትም ብታነበው አልከፋም፤ ያለሁበት ጣጣ የኔ ብቻ አይመስለኝም።

ቤቱ እንዳለ ነው። ባለፈው ክረምት የጓዳው ጣራ አፍስሶ በቆርቆሮ አስጠገንኩት። መቋሚያህ ካቆምክበት ጥግ አልተነሣም፤ ልጅህ ስመኝ ቤት ስትጠርግ ዙሪያውን ትጠርጋለች እንጂ አትነካውም። ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል፤ ስትስቅ ያንተን ጥርስ አየዋለሁ። ትምህርት ቤቷ ሲከፈት ሲዘጋ ነው የከረመው፣ መንገዱም እንደዚያው። አሁን ሰው ሲገናኝ ከሰላምታው ቀድሞ ዛሬ መንገዱ እንዴት ነው ይባባላል። ጥቁሩ በሬያችን የለም። እሱን ወደ ኋላ እነግርሃለሁ።

አሁን ሳልሸፋፍን ልንገርህ። ልጃችን መልካሙ ቤተ ክርስቲያን መግባት ካቆመ ወራት አለፉ። ከነገ ወዲያ ሰኞ ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ሊወርድ ተነሥቷል። ማጭዱን ስሎ ከበሩ ኋላ ሰክቶታል፤ ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ዐይኔ እሱ ላይ ያርፋል። ለአጨዳ ወርደው በዚያው የቀሩትን ልጆች አንተም ታውቃቸዋለህ፤ ሬሳው ሳይመጣ ያለቀስንለት ስንት አለ። እኔን እህል ውሃ የነሣኝ ግን መሄዱ ብቻ አይደለም። የሚሄደው ባንተ ቃል ነው አበጄ።

ያን ቀን ታስታውሰው እንደሆነ አላውቅም። ከደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ወደ ቤቱ ውሰዱት ብለው ከመለሱህ በኋላ ነው። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ነበር። ለነፍስ አባትህ ተናዘዝክ፣ መሬቱን ለየህ፣ የጓሮውን ድንች መሬት ለኔ አልክ። ከዚያ መልካሙን አስጠራኸው። አሥራ አራት ዓመቱ ነበር፣ ከዳቆነ ብዙም ያልቆየ ልጅ። ጠፍቶ የነበረው ድምፅህ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ እጁን ጨብጠህ ቤት ሙሉ ሰው እየሰማ «ከመቅደስ ብትለይ አጥንቴ ይውጋህ» አልከው።

ሽማግሎቹ አሜን አሉ። ታላቅ ወንድምህ አያ ፈንታ አባት ማለት እንዲህ ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ልጁ እጅህን ሳመ። እኔ ከግርጌህ ተቀምጬ የቀዘቀዘ እግርህን እያሻሸሁ ነበርና ቃሉ የገባኝ ካለፈ በኋላ ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። አንተን ቀበርንህ፤ ቃልህ ግን ከቀብር አብሮን ተመለሰ።

ለምን እንዳልከው አይጠፋኝም። ፈርተህ ነበር። አብረውት ከዳቆኑት ልጆች አንዱ ከተማ ገብቶ ማተቡን በጠሰ ሲባል የሰማህ ሰሞን እህል አልወርድልህ ብሎ ነበር። ስልኩ ላይ ያጎነበሰ ጎረምሳ ባየህ ቁጥር ትተክዝ ነበር። እኔ ከሌለሁ ይህን ልጅ ምን ይይዘዋል ብለህ ነው። ሌላ የምትተውለት ነገር ስታጣ አጥንትህን ተውክለት። ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፣ በዚህ አልማህም። ግን ልጅህን ምን ይዞት እንደነበር አንተው ረሳኸው።

እኔ ላስታውስህ። ገና ጥርሱን ሳይነቅል በትከሻህ ተሸክመህ ሳይነጋ ትወስደው ነበር። የመሥዋዕቱ ዱቄት ሲቦካ ከቤተልሔሙ በር ላይ ሆኖ እንዲያይ ትተወዋለህ። ሲመለስ ሽታው አፍንጫው ውስጥ ቀርቶ ቀኑን ሙሉ ስለሱ ሲያወራልኝ ይውላል። እርሻ ላይ ደግሞ አንተ ሞፈር ይዘህ ዜማ ታወጣለህ፣ እሱ ከበሬዎቹ ፊት እየሮጠ ይቀበልሃል። ሲስት የምትቆጣው በሬውን ነበር፤ አንተ ነህ ልጄን ያሳሳትከው እያልክ። ልጁ በሳቅ ትልሙ ላይ ይንከባለላል። ጸሎቱንም ዜማውንም የለመደው እንደዚያ ነው፣ ማንም ሳያስፈራራው። ዕድሜህን ሙሉ ዘርተህ፣ መብቀሉንም አይተህ፣ መጨረሻ ላይ ላጥርልህ ብለህ እሾሁን ቡቃያው ላይ ጣልክበት።

መጀመሪያ የከፋ ነገር አልታየም። እንዲያውም ሰው ያመሰግነው ነበር። ንፋስ መውጫ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ ይማራል፤ ዓርብ ዓርብ ስንቁን ሊወስድ በእግሩ ይመጣል፤ የቅዳሴ ተራው ሲደርስ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። የአባቱ ልጅ ይሉታል። እኔ ግን እናት ነኝና አየሁት። ሲሄድ የሚወደው ቦታ እንደሚሄድ ሰው አይደለም፤ የሚያባርረው እንዳለ ነው። ተራው በደረሰ ሰሞን እንቅልፍ የለውም። ዝናብ ካስገመገመ ወንዙ ሊሞላ ነው ብሎ ቀድሞ ይሻገራል። አንድ ቀን እየሳቅኩ ትንሽ ዕረፍ እንጂ፣ መቼም ሚካኤል አይከስህም ብለው ፊቱ ዐመድ መሰለ። ያንን ፊት አይቼ የያዝኩት ሥራ ጠፋኝ።

የፈራው ሰኔ ላይ መጣ። ዓርብ ቀን ከከተማው መውጫ ተኩስ ተሰማና መንገዱ ተዘጋ። እሑድ ተራው ነበር። ከቀሩት ዲያቆናት አንዱ ታሞ ተኝቷል፣ ሌላ ቢፈልጉ አጡ። ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ ደወሉ ተደውሎ፣ ቅዳሴ ታጎለ። በሚካኤል ቅዳሴ ሲታጎል ካገባሁህ ወዲህ አይቼ አላውቅም። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ተበተነ። እኔ እቤት ስደርስ ልጄ በሕይወት ይኑር አይኑር እንኳ አላውቅም ነበር፤ ስልክም አይሠራም።

መንገዱ ተከፍቶ ሲመጣ አያ ፈንታ በር ላይ ጠበቀው። አያ ፈንታን በፊቱ አንቱ ነው የምለው፤ እዚህ ግን ተናድጄበታለሁና ተወኝ። ልጁ መንገዱ ተዘግቶ ነው ሲል አላስጨረሰውም። «የአባትህን አጥንት ረገጥከው» አለው። ያንን ብቻ ብሎ ገባና ጠላውን ጠጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ መልካሙ ደጀ ሰላሙን አልረገጠም።

ቀጥሎ የሆነውን ሰው ሁሉ ከዚያ ጋር አያያዘው። ሐምሌ ላይ ጥቁሩ በሬ ከእርሻ ሲመለስ ጭቃው ከዳውና ገደል ገባ፤ እስኪሞት ድረስ ያቃስት ነበር፣ ልጁ ከአፋፉ ላይ ቁጭ ብሎ ሰማው። መስከረም ላይ ገብሱ ሲያሸት በረዶ መጣ። የኛን ደብድቦ ደብድቦ የጎረቤቶቻችንን ዳር ዳሩን ብቻ ነክቶ አለፈ። ወዲያው ስመኝን ትኩሳት ያዛትና ዐይኗ ተገለበጠ። ጠበል ተጠምቃ፣ ጤና ጣቢያ መርፌ ተወግታ፣ በስንት መከራ ተረፈችልኝ። ደግሞ አንዷ ጎረቤት ቄስ አበጀን በሕልሜ አየኋቸው፣ ባዶ እግራቸውን ከደጀ ሰላሙ ቆመው ልጄ የት አለ ይላሉ ብላ ገበያ ላይ አወራች። እንዲህ ያለ ወሬ እግር አለው፤ ሳይመሽ መልካሙ ጆሮ ደረሰ።

አልዋሽህም፣ እኔም ፈራሁህ። ስንት ዘመን አንድ ጋቢ ለብሼ ያደርኩት ሰው ነህ፣ በመቃብርህ በኩል ሳልፍ ግን ነጠላዬን ፊቴ ላይ መሳብ ጀመርኩ። ያን ቀን በረዶው ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ መልካሙ መሐል ቤት ቆሞ ጣራ ጣራውን ያይ ነበር። አልጮኸም፣ አላማተበም። ፍርድ ሊሰማ እንደተጠራ ሰው ቀጥ ብሎ ቆመ። እስኪያባራ ድረስ አልተቀመጠም።

ሰዉማ ፈረደበት። ከተማ አበላሸው፣ ስልክ አበላሸው፣ ካደ አሉ። የሰንበቴው ማኅበር ስለ ልጆቹ ሊመክር ሲሰበሰብ ሁሉም የሚለው አንድ ነው፤ ይገሠጽ፣ ይገዘት፣ ስልኩ ይወሰድ። እኔም ስልኩን ቀምቼ ጓዳ ደብቄበት አውቃለሁ። አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ ምን ሆነህ ነው ብሎ አልጠየቀውም። እዚያው ተቀምጬ ቅዳሴ ላይ የማየው ነገር ትዝ አለኝ። ለቁርባን ሲቀረብ ከፊት የታቀፉ ሕፃናት አሉ፣ ከኋላ ሽማግሎችና አሮጊቶች አሉ። መሐሉ ባዶ ነው። የመልካሙ እኩያ የለም። ያ ባዶ ቦታ በየዓመቱ ሲሰፋ እያየን እኛ ስለ ስልክ እናወራለን።

ከዚያ ባለፈው እሑድ የሆነውን ስማ። እንደ ሴትነቴ ከውጭ የምቆምበት ሰሞን ነበር። ያን ጊዜ ከደጁ መቆም እንደማልወድ ታውቃለህ፤ በቅጥሩ ዙሪያ እየዞርኩ ነው የምጸልየው፤ ክረምቱን ግን ጭቃው አግዶኝ ነበር። በምሥራቅ በኩል ከቤተልሔሙ ኋላ ስደርስ፣ ከካቡ ውጭ ካለችው ወይራ ሥር ሣሩ ተረግጦ መሬቱ ተገልጧል። ከብት የቆመበት መስሎኝ ነበር። ቀና ስል መልካሙ ነው። ጫማውን አውልቆ፣ ነጠላውን ሊቀድስ እንደሚገባ ሰው አመሳቅሎ ለብሶ፣ ግንባሩን ከካቡ አስደግፎ ቆሟል። ከውስጥ ዲያቆኑ የሚለውን ቃል በቃል ይከተላል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የለውም።

ካደ የተባለው ልጅህ ነው እንግዲህ። ከካቡ ወዲህ የሱ ግንባር፣ ከካቡ ወዲያ ያንተ ራስጌ። በመሐላችሁ አንድ ክንድ ድንጋይ ነው ያለው። ከሰኔ ጀምሮ እሑድ እሑድ እዚያ ነው የሚቆመው፤ እኔ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ከተማ የሚውል ይመስለኝ ነበር።

ትከሻውን ስነካው አልደነገጠም። ወይራዋ ሥር ቁጭ አልንና ነገረኝ። መንገዱ እውነትም ተዘግቶ ነበር። ግን ተዘጋ የሚለው ወሬ ሲመጣ ከጓደኞቹ ጋር በስልክ የተጫነ ኳስ እያየ ነበርና በሆዱ እፎይ ብሏል። ተራው ቀረ፣ ሩጫው ቀረ፣ እተኛለሁ ብሎ። «እማ፣ ደስ ብሎኝ ነበር» አለኝ። ከዚያ እንደ ልጅነቱ ጉልበቴ ላይ ተደፋ።

ያቺን ታህል ነገር ተሸክሞ ነው የከረመው። በሬው በኔ ነው የሞተው ይላል። ገብሱ በኔ ነው፣ ስመኝ በኔ ልትሞትብሽ ነበር ይላል። እኔ ከዚህ ከራቅኩ አጥንቱ እኔን ተከትሎ ይወርዳል፣ እናንተን ይተዋችኋል ይላል። ገባህ አበጄ? ማጭዱ ሰበብ ነው። ልጅህ መርገሙን ከኛ ላይ ይዞልን ሊሄድ ነው።

እምነትማ ከሁላችንም ይበልጣል። ያጣው መግቢያ ነው።

እዚያው ሥር ተቀምጬ ያሰብኩትን ልንገርህ። እኔ በየወሩ ከዚህ ቅጥር እወጣለሁ፣ ቀኔ ሲሞላ ታጥቤ እገባለሁ። መመለሻዬን ስለማውቀው መውጣቴ አያስጨንቀኝም። ጾሙም መፍቻ አለው፣ ያጠፋም ሰው ስግደቱን ሰግዶ ይገባል። ለሱ መመለሻ ማን ቆረጠለት? አንተ ብትወጣ ትወጋለህ አልከው እንጂ፣ ብትወጣ በዚህ በኩል ግባ አላልከውም። እኛም አላልነውም። ልጆቻችንን ከመውጣት ስናስፈራራ ኖረን አመላለሱን አላስተማርናቸውም።

ያን ጊዜ ያንተ የኔታ ትዝ አሉኝ። በሙሽርነታችን የነገርከኝን እኔ አልረሳሁም። ከወገዳ ወዲያ ስማዳ ውስጥ ተማሪ ሳለህ፣ ለቅዳሴ ስትሄድ ራብ ጠንቶብህ ከሰው ማሳ የባቄላ እሸት በላህ። አፍህን ሽረህ መቀደስ አትችልም፣ ለመናገርም ፈራህ፣ ከበሩ ቆመህ ታለቅሳለህ። የኔታ መጥተው አፍህን ቢያዩት አረንጓዴ ነው። የማሳውን ባለቤት ይቅርታ አስጠየቁህ፣ ስግደት ሰጡህ፣ በሚቀጥለው እሑድ ራሳቸው እጅህን ይዘው አስገቡህ። ይህን ስትነግረኝ ሆዳችንን ይዘን ነበር የሳቅነው። ለመልካሙ ግን አንድ ቀን ነግረኸው አታውቅም። የጻድቃኑን ገድል ሁሉ ነገርከው፣ የባቄላዋን ደበቅክ። ልጁ ታዲያ አባቱ ሳይሰናከል የቆረበ ይመስለዋል።

በማግስቱ አባ ኪዳኔ ዘንድ ሄድኩ። ካንተ ወዲህ የነፍስ አባታችን እሳቸው ናቸው። ሁሉን ሰምተው ሥልጣኑ አለኝ፣ እፈታዋለሁ አሉኝ። ግን አሉ፣ ቃሉን የሰማው ከኔ አፍ አይደለም፤ ጆሮው ውስጥ የቀረው ያባቱ ድምፅ ነው፣ የኔ ብቻ አያወጣውም። አባቱን ከየት ላምጣለት አልኳቸው፣ እንባዬም መጣ። በተክሊል አይደለም ወይ የተጋባችሁ ብለው ጠየቁኝ። ነው አልኩ። ከእንግዲህ ሥጋችሁም አጥንታችሁም አንድ ነው ተብሎ አልተነገራችሁም ወይ አሉኝ።

መንገዱን ሁሉ እሱን እያመላለስኩ መጣሁ። አንድ ከሆነማ አበጄ፣ ያን ቀን ልጄን ያስፈራራኸው በኔም አጥንት ነው። አላማከርከኝም።

ነገ መቃብርህ ላይ ቃልህን ልፈታ መሆኔን ሲሰማ አያ ፈንታ ዛሬ ጠዋት ከተፍ አለ። የሞተ ሰው ቃል አይሻርም፣ አጥንቱን አታነዋውጪ፣ የባሰ ትጠሪያለሽ አለኝ። ልጅ ካልፈራ አያምንም አለኝ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፤ ፍሬው የት ነው አልኩት። ታስታውሰው የለም፣ ከየኔታው ቤት ኮበለለ ብሎ ረግሞ የሸኘውን የበኩር ልጁን። ሑመራ ገባ ከተባለ ወዲህ ደብዛው የለም። አያ ፈንታ ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ሊወጣ ሲል ከበሩ ኋላ ያለውን ማጭድ አየና ቆመ። ጀርባውን እንደሰጠኝ «ነገ የኔንም ልጅ ስም ጥሪልኝ» አለ።

እርስዎ በሕይወት አሉ፣ በራስዎ አፍ ይፍቱት አልኩት። ሲሄድ ሳየው ግን አንጀቴን በላው፤ ሽምግልናው ዛሬ ነው የታየኝ። ቢፈታውስ ማን ይሰማዋል? ድምፅ ቆላ ድረስ አይወርድም። መልካሙም ከሰኞ በኋላ ብፈታው ብለምነው አይሰማኝም።

እንግዲህ ነገ ነው። ከቅዳሴ በኋላ አባ ኪዳኔ መቃብርህ ላይ ጸሎት ያደርሳሉ። ቀኔ ሞልቷልና እኔም ገብቼ ከራስጌህ እቆማለሁ። መልካሙ ከካቡ ውጭ ወይራዋ ሥር ይሆናል፤ አንዴ ቆሜ ልሰናበተው ብሎኛል። አጥንታችን አንድ ነው፣ በአጥንታችን ፈትቼሃለሁ፣ ዞረህ በደጀ ሰላሙ ግባ እለዋለሁ። የባቄላዋንም ነገር ጮክ ብዬ እነግረዋለሁ። ሰው ይሰማል፣ ብታፍርም ቻለው።

እፈራለሁ ግን። ይህን ስጽፍ ጉና በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፣ በጥቅምት። ነገ ብታጉረመርምስ? እኔ እየተናገርኩ ከካቡ አንድ ድንጋይ ቢንከባለል፣ ከጥዱ ቅርንጫፍ ቢሰበር፣ ስመኝ እንኳ ድንገት ቢያስላት፣ ልጁ አባቴ መለሰልኝ ብሎ ማጭዱን ይዞ ይሄዳል። እንደዚያ ሆኗል። አንዲት ኮሽታ ትበቃዋለች።

ስለዚህ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። አፈር ስሆን እንዳልልህ አፈሩን ቀደምከኝ።

የታጨሁበትን ቀን አስበው። አባቴ ቤት ሽማግሎች ተደርድረው ልጂቱስ ፈቅዳለች ወይ ሲባል፣ እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ። አፌ ደርቆ መናገር አቃተኝ። አንደኛው ሽማግሌ ዝም ካለች ፈቅዳለች አሉና ተመረቀ። ያንተ የሆንኩት በዚያ ነው። ለልጆቹ ስትነግራቸው፣ እናታችሁ ያን ቀን ብቻ ዝም ብላ ይኸው ከዚያ ወዲህ ዝም ብላ አታውቅም እያልክ ታስቃቸው ነበር። መልካሙ ይህን ከዳዊቱ እኩል ነው የሚያውቀው።

ነገ ፈትቼሃለሁ ስለው ልጁ ከካቡ ማዶ አባቴስ ምን አለ ብሎ ይጠይቀኛል። አውቀዋለሁ፣ ይጠይቃል። አዳምጬ የሰማሁትን እነግረዋለሁ።

እኔም ቃሌን ልስጥህ። ዝክርህን አላስታጉልም። በሚካኤል በሚካኤል ስምህን አስጠራለሁ፣ መቋሚያህንም ካቆምክበት አላነሣም። ልጆችህ ሲያነሡህ በሬውን እየተቆጣ ዜማ የሚያስተምረውን አባታቸውን እንዲያነሡ አደርጋለሁ፤ ያችን የመጨረሻዋን ቀን ግን ከአፈሩ ጋር ላንተ እተዋታለሁ።

አንተ ነገ ዝም በልልኝ። ዝም አይነቅዝም ስትለኝ ኖረህ አንተ አንድም ቀን አልሞከርካትም። እኔን በዝምታ ወሰድከኝ፤ ልጄን በዝምታ መልስልኝ።

የልጆችህ እናት፣
እታፈራሁ